ጋላክቶሴሚያ ምንድን ነው? የወተት አለርጂ አይደለም

«ጋላክቶሴሚያ ያው የወተት አለርጂ ነው፤ ወተቱን ካስተዋችሁት ልጁ አፉን ይፈታል» የሚል ምክር አሁንም አሁንም ይደመጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ስሕተት። የመጀመሪያው ስሕተት ሕፃን ሊገድል ይችላል፤ ሁለተኛው የሕክምና ዓመታትን ያባክናል።

አለርጂ የሰውነት መከላከያ በወተት ፕሮቲን ላይ የሚያስነሳው ቁጣ ነው። ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋው ሰው ደግሞ ላክቶስን አንጀት ውስጥ የሚሰብረው ኢንዛይም አንሶታል። በጋላክቶሴሚያ ላክቶሱ በደንብ ይሰበራል፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ ጋላክቶሱን የሚያስኬደው ጋልት የሚባለው ኢንዛይም፣ ከእናትም ከአባትም በተወረሰ የዘረመል ለውጥ ምክንያት አይሠራም። ጋላክቶስና ተረፈ ምርቶቹ ተጠራቅመው ጉበትን፣ የዓይን ሌንስንና አንጎልን ይጎዳሉ።

ለዚህ ነው «ላክቶስ የሌለው» ተብሎ የሚሸጠው ወተት ሆዱ ለሚነፋው የሚስማማው፣ ለዚህ ልጅ ግን መርዝ የሚሆነው። ላክቶሱ ቀድሞ ተሰበረ እንጂ ጋላክቶሱ የትም አልሄደም። 200 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 5 ግራም ገደማ ጋላክቶስ ይሰጣል። የፍየልና የግመል ወተትም አያድኑም፤ እርጎም እንዲሁ። የእናት ጡት ላክቶሱ ከላም ወተት ይበልጣልና በሽታው ሲታወቅ በሐኪም ትእዛዝ በአኩሪ አተር ፎርሙላ ይተካል። ሽሮ ግን ይብላ! ጥራጥሬን የሚከለክለው ዝርዝር ያረጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ዓለም አቀፍ የጋላክቶሴሚያ መመሪያ ከወተት ውጭ ያለውን ጋላክቶስ ይፈቅዳል። (ሳልጠየቅ ልጨምር፦ ጡት በጠባ በጥቂት ቀን የሚያስታውክና ቢጫ የሚሆን ሕፃንን እንጥል ማስቆረጥ አደገኛ ነው። ጉበቱ ከተጎዳ ደሙ ቶሎ አይረጋም።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት፣ «ወተቱን ካስተዋችሁት ልጁ አፉን ይፈታል» ወደሚለው። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ የገባበት ባጃጅ አስቡ። ውሃው ካልወጣ ሞተሩ ይሞታል፤ የአመጋገቡ ሥራ ይሄን ውሃ ማውጣት ነው። ግን ታንኩ ራሱ ከውስጥ እያላበ ውሃ ቢያጠራቅምስ? ሰውነት ጋላክቶስን በራሱ ይሠራል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በቀን 1 ግራም ገደማ። ደግሞም ንጹሕ ቤንዚን የተጣመመ መሪ አያቀናም። መሪው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ተጣሞ ሊሆንም ይችላል፦ ታላቁ ታሞ ስለታወቀ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ወተት ያልቀመሰ ታናሽም የንግግር ችግር ሲገጥመው ታይቷል። «ወላጆቹ በድብቅ አጠጥተውት ነው» የሚል ሰው ካለ ይሄን ያስብበት።

የተጣመመው መሪ፣ ማለትም የንግግሩ ችግር፣ አፕራክሲያ የሚባለው ሊሆን ይችላል። ምላስና ከንፈር ጤነኛ ናቸው፤ የሚቸግረው አንጎል እንቅስቃሴያቸውን በተራ ማቀድ ነው። ልጁ «ብርቱካን»ን ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ «ቡቱካ»፣ «ብካን»፣ «ኡርቱን» ሊል ይችላል። ሁሌ «ር»ን በ«ል» የሚተካ ልጅ ችግሩ ሌላ ነው፤ የዚህኛው ምልክት ስሕተቱ መለዋወጡ ነው። ፊኛ ማስነፋትም ሆነ የምላስ ሥር ማስቆረጥ ይሄን አይነካውም።

እዚህ ላይ ፊደል ይመጣል። አናባቢው አፉ ላይ ያልጸና ልጅ «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት ይከብደዋል፤ «ድመት»ን አንዴ «ዱመት»፣ አንዴ «ዲመት» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ ግን ላያውቅበት ይችላል፤ ምክንያቱም «ለ ሉ ሊ» በዜማ በቃል ይያዛል፣ በቃል የተያዘ ደግሞ ለአፕራክሲያ ልጅ ይቀላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «ሊ»ን ብቻዋን በካርድ አሳዩት። ከ«ለ» ተነሥቶ እየቆጠረ ከደረሰባት ዜማውን እንጂ ፊደሏን አያውቃትም። ካርዶቹን አደባልቁ፤ በአንድ ጊዜ ከሦስት አይብለጡ፤ መጀመሪያ አፉ በደንብ ከሚላቸው ድምፆች ጀምሩ።

አዳማ ላይ ሌላ ክርክር አለ፦ «ቤት ኦሮምኛ፣ ሰፈር አማርኛ ሆኖበት ነው የተደናበረው፤ አንዱን ጣሉለት»። ሁለት ቋንቋ አፕራክሲያ አያመጣም። የጽሕፈቱ ጫና ግን ይለያያል። ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጥብቀትንም (ድምፅ ጠብቆ መነገሩን) የአናባቢ ርዝመትንም ሆሄ በመደጋገም ያሳያል፤ የአማርኛ ፊደል «ይበላል»ን ለበላተኛውም ለምግቡም አንድ አድርጎ ይጽፋልና ልጁ ጥብቀቱን ከራሱ ማምጣት አለበት። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ፈትኑት፤ በአንዱ ብቻ ተፈትኖ «ወደቀ» አይባልም።

ሕክምናው ድግግሞሽ ነው። «ና»፣ «እምቢ»፣ «ውሃ» ዓይነት አምስት ስድስት የሚጠቅሙት ቃላት ይመረጣሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቃሉን አዘግይቶ ከልጁ እኩል ማለት፤ ቀጥሎ ድምፅን አጥፍቶ ከንፈርን ብቻ ማንቀሳቀስ፤ ቀጥሎ ብሎለት እንዲደግም መጠበቅ፤ በመጨረሻ ብቻውን መተው። ሲሳሳት አንድ እርከን መመለስ። በሳምንት አራት ቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አንዴ ረጅም ከመቀመጥ ይሻላል። ግን ማንም ይህን ከመጀመሩ በፊት መስማቱ ይመርመር። ያው የ2017ቱ መመሪያ የልጁ ንግግር ከ7 እስከ 12 ወር፣ በ2፣ በ3 እና በ5 ዓመቱ እንዲታይ ይመክራል፤ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ተብሎ አይጠበቅም።

እጁ የሚንቀጠቀጥም አለ፤ እሱም ከበሽታው ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቃል ጽሕፈት ከመፈተን ካርድ አስመርጡት፤ ያኔ የእጁን ሳይሆን የንባቡን ውጤት ታገኛላችሁ።