«ደም ማቅጠኛ» ምንድን ነው? ለልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ከሐኪሙ ጋር ለምትገናኙ

ሰሞኑን ሬዲዮ ላይ የቀረበ አንድ ተናጋሪ፣ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ዕድሜ ልኩን ደም ማቅጠኛ ስለሚወስድ ደሙ ውሃ ሆኖ አቅም እንደሚያጣ ሲያስረዳ ሰማሁ። ምክርም አስከተለ፤ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ስትገቡ ይህን መድኃኒት እንደማትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩት አለ። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አምናለሁ። ነገር ግን እኔ ጅማ ውስጥ የልብ ሕሙማንን መድኃኒት የምከታተል ፋርማሲስት ነኝ። እንዲህ ያለ ምክር ሰምቶ ኪኒኑን ያቆመ ሰው፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ብሎት በወንድሞቹ ተደግፎ ሲገባ አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ አንድ ቃል ነው።

ቫልቭ ምን እንደሆነ፣ በልጅነት የተናቀ የጉሮሮ ሕመም እንዴት ልብ ድረስ እንደሚዘልቅ አልተርክም። ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ይህን ደጋግሞ ሰምቷል። በቅጡ ያልተነገረው «ደም ማቅጠኛ» የሚባለው መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ ምን እንደሚሠራ ነው። ጥፋቱ በከፊል የኛ የባለሙያዎቹ ነው፤ «ደም ማቅጠኛ» የሚለውን ቃል በየመድኃኒት መስኮቱ ያስለመድነው እኛ ነን።

ዋርፋሪን ደም አያቀጥንም። መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊትም ሆነ በኋላ የደማችሁ ውፍረት ያው ነው። ቀይ የደም ሴል አይቀንስም፤ ውሃም አይጨመርበትም። የሚለወጠው ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ጉበታችን በቫይታሚን ኬ እየታገዘ ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዘገየዋል። አለቀ። «ደሜ ቀጠነ» ብሎ ቀይ ስር የሚያስጨምቅ ሰው ደም ማነስንና የመርጋት መዘግየትን አንድ አድርጎ ይዟቸዋል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። (ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው አልቆም ብሎ የሚደማ ሰው ግን ደም እየፈሰሰው ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ጽሑፍ ትቶ አሁኑኑ ወደ ሕክምና ይሂድ።)

ቋንቋችን ራሱ ነገሩን አቅልሎልናል። ወተት ይረጋል፤ የረጋው እርጎ ይባላል። ደምም ይረጋል። ወተት ላይ ውሃ የጨመረ ነጋዴ በእርግጥ አቅጥኖታል፤ ያ ቀጭን ወተት ግን ካደረ መርጋቱ አይቀርም። በሌላ በኩል አንዲት እናት እቃዋን በወይራ ጭስ አጥና ወተቱን ብታስቀምጥበት ወተቱ አይቀጥንም፤ እንዳለ የሚቆይበት ጊዜ ግን ይረዝማል። ዋርፋሪን ጭሱን እንጂ ውሃውን አይመስልም። ትንሽ ልግፋበት። ወተት የሚረጋው ሳይነካ በተቀመጠበት ነው። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ የጠበበበት ሰው ልቡ ውስጥም ላይኛው የግራ ክፍል ይለጠጣል፤ ምቱም ሥርዓት ሲያጣ ደሙ ጥግ ላይ ይተኛል። የተኛ ደም ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ተነቅሎ ወደ አንጎል ሲሄድ ነው ያ በወንድሞቹ ተደግፎ የመጣው ሰው የደረሰበት የሚደርሰው። አዲሱ የብረት ቫልቭ ደግሞ ለደሙ ባዕድ እቃ ነው፤ ሳይታጠን ወተት እንደተቀዳበት እቃ ቁጠሩት። (የብረት እንለዋለን እንጂ የሚከፈት የሚዘጋው ክንፉ ከጠንካራ ካርቦን የሚሠራ ነው።) ምሳሌው የሚያበቃበትም ቦታ አለ። ወተትን የሚያረጋው በውስጡ የሚባዙ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት አሲድ ነው፤ ደምን የሚያረጋው የራሱ ፕሮቲን ነው። ደግሞም ወተቱ ባይረጋ ደስ ይለናል፤ ደም ግን እጃችን ሲቆረጥ መርጋት አለበት። ስለዚህ ጭሱ ልክ ሊኖረው ይገባል።

ልኩን የምናውቅበት ቁጥር አይኤንአር ይባላል። ዋርፋሪን በማይወስድ ጤናማ ሰው ላይ 1 አካባቢ ነው። የብረት ቫልቭ በአዮርቲክ ቦታ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በር) የተተከለለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3፣ በሚትራል ቦታ የተተከለለት ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ሲያንስ መርጋት፣ ሲበዛ መድማት ይመጣል። ቁጥሩ 3 ደረሰ ማለት ደሙ ሦስት እጥፍ ቀጠነ ማለት አይደለም፤ ይህን ቃል በቃል ያስረዱኝ ሰዎች ስላሉ ነው የምጽፈው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ሜዳዎች የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። የከብቶቹ ደም አልቀጠነም፤ መርጋት ነበር ያቃተው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ፖል ሊንክ ቡድን ምክንያቱን አጥንቶ ለየው። ከዚያ የተወለደው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት ዋለ፤ በ1954 ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ። «የአይጥ መርዝ ነው» የሚለው ወሬ መነሻው ይኸው ነው። መጠኑ ተለክቶ ሲሰጥ ግን ሕይወት ያቆያል።

አሁን ወደ ቀዶ ሐኪሙ እንግባ። ቫልቩ ሊጠገን የሚችል ከሆነ ይጠገናል፤ ካልሆነ ይቀየራል። መቀየሩ ከተወሰነ የሚመረጡት ሁለት ናቸው። የብረቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን ይፈልጋል። ከእንስሳ የሚሠራው፣ ማለትም ከከብት የልብ ሽፋን ወይም ከአሳማ ቫልቭ የሚዘጋጀው፣ ለሌላ ምክንያት ካልታዘዘ በቀር ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይፈልግም። ግን ያረጃል፤ በወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃልና ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይከተላል። የሬዲዮው ተናጋሪ «ዋርፋሪን አልፈልግም በሉ» ሲል ሳያውቀው «ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ደረታችሁ እንደገና ይከፈት» እያለ ነው። ይህ ለአንዳንዱ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ምርጫው መደረግ ያለበት ግን ደም ውሃ ይሆናል በሚል ፍርሃት አይደለም። የአሳማው ነገር የሚከብዳችሁ ካላችሁ፣ ሙስሊምም ሁኑ ክርስቲያን፣ ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ቀዶ ሐኪሙ ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ከሃይማኖት አባታችሁም ጋር የምትመክሩበት ጊዜ ይኖራችኋል።

ቃሉ ሌላም ጉዳት አለው፤ የማይመሳሰሉ መድኃኒቶችን በአንድ ከረጢት ይከታል። ከአጋሮ የመጣ አንድ ቡና ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት መድኃኒቱን እንድንከልስ ተቀምጠን ነበር። ከኪሱ ያወጣው የአስፕሪን ፍሬ ነው። «ዋርፋሪኑ ሲያልቅብኝ በዚህ ተካሁት፤ ሁለቱም ደም ማቅጠኛ ናቸው ብለውኛል» አለኝ። አስፕሪን የሚሠራው ፕላትሌት በሚባሉት የደም ክፍሎች ላይ ነው፤ የዋርፋሪንን ቦታ አይሸፍንም። ያን ዕለት የተለካው አይኤንአሩ 1.1 ነበር፤ ምንም እንዳልወሰደ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ፊት «ደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ» ብቻ አትበሉ። ስሙንና ሚሊግራሙን ተናገሩ። ቀለሙን አትጥሩ፤ ፋብሪካው ሲለያይ የኪኒኑ ቀለምም ይለያያል።

ሦስተኛው ጉዳይ ከውጭ የሚላከው ነው። ጂዳ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ «ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ደም ማቅጠኛ አለ» ብሎ ሪቫሮክሳባን ይልካል። ዘመዱ የሚልከው ከፍቅር ነው፤ መድኃኒቱም ለሌላ ሕመም ጥሩ ነው። የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ግን አይሆንም። ዳቢጋትራን የተባለው አቻው በብረት ቫልቭ ላይ ሲሞከር መርጋቱም መድማቱም ስለበዛ ጥናቱ ተቋርጧል፤ ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ቫልቩ ገና ያልተቀየረለት፣ ከጉሮሮ ሕመም በሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ምቱ የተዛባ ሰውም ቢሆን፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ከ4500 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ከሪቫሮክሳባን ይልቅ የነዋርፋሪን ወገን የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። የኛን ሰው የሚመስሉ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ስለሆነ ነው የምጠቅሰው።

«ጎመን አትብሉ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ስለዚህ ድንገት ሲበዛ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል፤ ድንገት ሲቀርም ቁጥሩ ከፍ ይላል። የሚፈለገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው። በዓቢይ ጾም ገበታችሁ ወደ ጎመን ካዘነበለ በዚያ ሰሞን ደማችሁን አስለኩ። በረመዳን ኪኒኑን ማታ መውሰድ ይቻላል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን እንጂ። ከጎመን ይልቅ እኔን የሚያስፈሩኝ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል ናቸው፤ ለተቅማጥና ለሳል ተብለው በቀላሉ ይሸጣሉ፤ አይኤንአርን ግን ሽቅብ ይሰቅሉታል። ለወገብ ሕመም የሚወጋው ዳይክሎፌናክም ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የዋርፋሪንን ኃይል ይበላል።

ስለዚህ ለቀጠሮው ስትዘጋጁ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ባዶ ማሸጊያውን ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያለፉት የአይኤንአር ውጤቶች ከነቀናቸው ይጻፉ። የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀቱ አይረሳ። ጥርሳችሁን ቀድማችሁ አስመርምሩ፤ ከተበላሸ ጥርስ የሚነሳ ባክቴሪያ አዲሱን ቫልቭ ሊበክለው ይችላል። ጫት የምትቅሙ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩ፤ ምታችሁንና ግፊታችሁን ይነካል። በየወሩ የምትወጉት የፔኒሲሊን መርፌ ቫልቭ ስለተቀየረ ብቻ አይቆምም፤ ለሚወጋችሁ ሰው ግን ዋርፋሪን እንደምትወስዱ ተናገሩ። ዋርፋሪኑ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብዙ ጊዜ 5 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ለአንዳንዱ ሰው በዚያ መካከል ሄፓሪን የሚባል፣ መርጋትን የሚያዘገይ መርፌ ይሰጣል። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ በራሳችሁ አታቁሙ።

ከሁሉ በላይ ግን ቤታችሁ የት እንደሆነ ንገሩት። ብዙዎቹ ታካሚዎቻችን ለቀዶ ሕክምና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። እዚያ ያለው ቀዶ ሐኪም ልባችሁን በኢኮ ያየዋል፤ የምትኖሩበትን ቀበሌ ግን አያየውም። አይኤንአር የሚለካበት ላብራቶሪ ከቤታችሁ ምን ያህል እንደሚርቅ ካላወቀ የቫልቩን ምርጫ በግማሽ መረጃ ይወስናል።

ባለፈው ወር ከዴዶ በኩል የመጡ አንዲት እናት 19 ዓመት የሞላትን ልጃቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። የሚትራል ቫልቯ ጠቧል። «የኔ ልጅ፣ ደሟ ቀጥኖ ሰውነቷ እንዳያልቅ ብዬ ቀይ ስር ነው የማጠጣት» አሉኝ። «እማዬ፣ ቀይ ስሩ አይጎዳትም፤ ደሟ ግን አልቀጠነም» ብዬ የወተቱን ነገር አነሳሁ። የወይራው ጭስ ላይ ስደርስ ፊታቸው ተፈታ፤ ቀሪውን ለልጃቸው ያስረዷት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ልጅቷ ደብተሯን አውጥታ ለቀዶ ሐኪሙ የምትነግረውን መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያው መስመር፦ ከቤታችን እስከ መኪና መንገድ በእግር 1 ሰዓት። ሁለተኛው፦ በክረምት መንገዱ ሲበላሽ መኪና የሚቀርበት ቀን አለ።

ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ማቆሙ ደግሞ የብረት ቫልቭ ላይ ደም እንዲረጋ እንደሚያደርግ፣ ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለወጣት ሴት ከቫልቩ ምርጫ በፊት መነሳት እንዳለበት ነገርኳቸው። እናትየው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ጣታቸውን ደብተሩ ላይ አድርገው «ልጅ መውለድ ትፈልጋለች ብለሽ ጻፊ» አሏት። ልጅቷ ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ ጻፈችው።