በዞኒንግ ሕግ «ቤተሰብ» ማለት ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ውስጥ «ሲንግል ፋሚሊ» በተባለ ሰፈር ቤት ልትከራዩ ወይም ልትገዙ ነው? የከተማውን የዞኒንግ ሕግ፣ በተለይ «ትርጓሜ» የሚለውን ክፍል ሳታዩ አትፈርሙ። ዞኒንግ ከተማው መሬቱን ከፋፍሎ እዚህ መኖሪያ፣ እዚያ ሱቅ፣ ወዲያ ፋብሪካ ብሎ የሚደለድልበት ሕግ ነው። ክልከላው አጭር ነው፤ «የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ» ይላል። ጉዱ ያለው ትርጓሜው ውስጥ ነው።

ሎንግ አይላንድ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ቤል ቴር የምትባል ትንሽ መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በነበራት ሕግ መሠረት ቤተሰብ ማለት በደም፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ ተዛምደው አብረው የሚኖሩና አብረው የሚያበስሉ ሰዎች ነበሩ። ዝምድና ከሌላቸው ከሁለት መብለጥ አይችሉም ነበር። የቤት ሠራተኛ ግን አይቆጠርም ነበር (ለሀብታም ሲሆን ሕጉም ይላላል እንግዲህ)። የማይዛመዱ ስድስት የስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ቤት ተከራይተው ገቡ፣ መንደሩ ባለቤቶቹን ሕግ ጥሳችኋል አላቸው፣ ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና እ.ኤ.አ. በ1974 መንደሩ ረታ።

የኢስት ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮው ደግሞ ይብሳል። ወይዘሮ ኢኔዝ ሙር ከወንድ ልጃቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሁለቱ ልጆች ወንድማማቾች አይደሉም፣ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ አንደኛው እናቱ ስለሞተች ነው አያቱ ጋ የመጣው። የከተማው ትርጓሜ ከሁለት የተለያዩ ልጆች የተወለዱ የልጅ ልጆችን አንድ ላይ ቤተሰብ አይላቸውም ነበር። አያትየው ልጁን አላስወጣም በማለታቸው 5 ቀን እስርና 25 ዶላር ተፈረደባቸው። የልጅ ልጅ በማሳደግ! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርዱን ሻረው፣ ያውም 5 ለ4 በሆነ ድምፅ።

ስለዚህ አክስት፣ አያት፣ የአጎት ልጅ ብታኖሩ ከተማው በቀላሉ አይነካችሁም። ደባል ከሆናችሁ ግን ነገሩ እንደ ስቴቱ ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ገደብ እ.ኤ.አ. በ1980 ውድቅ አድርጎታል። አይዋ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ስቴት በ2021፣ ኮሎራዶ በ2024 ከተሞች በዝምድና ሰው እንዳይቆጥሩ የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል። ሌላ ቦታ ከሆናችሁ «የማይዛመዱ ሰዎች» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ፈልጉ።

ትርጓሜውን ከከፈታችሁ አይቀር «የመኖሪያ ክፍል» የሚለውንም እዩት። ብዙ ከተሞች መኝታ፣ መታጠቢያና ማብሰያ አንድ ላይ ካለ ራሱን የቻለ ቤት ነው ይላሉ። የእኛ ሰው ደግሞ የወጥ ሽታ ላይኛው ቤት እንዳይገባ ብሎ ቤዝመንት ውስጥ ሁለተኛ ኩሽና መሥራት ይወዳል። ምድጃው ገብቶ የውጭ በር ከተጨመረበት፣ ሕጉ ባለሁለት ቤት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። የምድጃውን መስመር ከማስዘርጋታችሁ በፊት የከተማውን ዞኒንግ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።