ውክልና ኑዛዜ አይደለም

ጅማ ውስጥ፣ በተለይ ቤትና የቡና መሬት ባለበት ቤተሰብ፣ ደጋግሜ የምሰማት ነገር አለች፦ «አባባ ውክልና ሰጥተውኛል፤ ቤቱ የኔ ነው።» አይደለም።

ውክልና ማለት ሰውየው በሕይወት እያለ በስሙ እንድትሠራ መፍቀድ ነው። ኪራይ ትሰበስባለህ፣ ጉዳይ ታስፈጽማለህ። ቤት ለመሸጥ ግን «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ማለት አይበቃም፤ ልዩ ውክልና፣ ማለትም ለዚያ ጉዳይ ተለይቶ የተሰጠ ውክልና፣ ያስፈልጋል። ዋናው ጣጣ ደግሞ እዚህ ጋ ነው፦ ወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ነገር ካልተወሰነ በቀር ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ከለቅሶ መልስ በዚያ ወረቀት ሄርማታ ሰፈር ያለውን ቤት እሸጣለሁ ያለ ሰው ከወንድሞቹ ጋር ፍርድ ቤት ይገናኛል።

ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በብዛት የሚታየው በግልጽ የሚደረገው ነው። ይህ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ከዚያ ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ብዙ ኑዛዜ የሚወድቀው በሐሳቡ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ሦስት ጎረቤት ጠርቶ «በቃ» ማለት። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ፣ ሙሉውን በእጁ የሚጽፈው ነው።

የቃል ኑዛዜማ? ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክር የሚናገረው ነው። ግን በቃል ቤት አይወረስም፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ከ500 ብር አያልፍም። ዛሬ 500 ብር ስንት ኪሎ ቡና እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።