መነሻ ያልተሰጠው ቫሪያብል እና የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያ

በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች፣ ፈንክሽን ውስጥ የተፈጠረ ተራ የቁጥር ቫሪያብል (ዳታ የሚያዝበት ስም) በራሱ ዜሮ አይሆንም። መነሻ ካልተሰጠው ሚሞሪው ላይ የቀረ አሮጌ ዳታ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ግሎባል እና ስታቲክ ቫሪያብሎች ግን ከዜሮ ይነሳሉ። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) ያልተሞላ ቫሪያብል ሲነበብ ካየ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ፕሮግራሙ ግን እንዲያም ሆኖ ኮምፓይል ይሆናል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ጅማ ላይ፣ በኪቶ ፉርዲሳ የቴክኖሎጂ ግቢ ኮድ መጻፍ ለሚጀምር ተማሪ ከቡና የቀረበ ምሳሌ የለም። አንድ የቡና መረከቢያ ፕሮግራም እናስብ። 1 ሲጫን የእሸት ቡና ዋጋ፣ 2 ሲጫን የጀንፈል ዋጋ ይሞላል። ከዚያ በኪሎው ይባዛል። መዝጋቢው በስህተት 3 ቢጫንስ? ዋጋው ሳይሞላ ይባዛል። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ዜሮ፣ ሌላው ላይ ኔጌቲቭ ብር ሊወጣ ይችላል። ኦፕቲማይዘሩ (ኮዱን የሚያፈጥነው የኮምፓይለሩ ክፍል) 3ን እንደ ጀንፈል ቆጥሮ ሊያልፈውም ይችላል፤ የቋንቋው ደንብ አይከለክለውም። ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ውጤቱ ትክክል ይመስላል።

ጂሲሲ በሚባለው የሲ ኮምፓይለር ላይ ‹ዎል› (-Wall) የሚባለው ማዘዣ እነዚህን ማስጠንቀቂያዎች ይከፍታል። ከ2012ቱ ጂሲሲ 4.7 ጀምሮ መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ‹አልተሞላም› እና ‹ሳይሞላ ሊቀር ይችላል›። ሁለተኛው ኦፕቲማይዜሽን ካልተከፈተ ላይታይ ይችላል። አንዳንዴም በከንቱ ይጮኻል፤ የሊኑክስ ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አዘጋጆች በ2020 ያጠፉት በዚሁ ሰበብ ነው። ለጀማሪ ግን ማጥፋቱን አልመክርም።

ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት ‹ዋጋ እኩል ይሆናል ዜሮ› ብሎ ይጽፋል። መልእክቱ ይጠፋል፣ ስህተቱ ግን እዚያው ይቀመጣል፤ 3 በተጫነ ቁጥር የገበሬው ቡና በዜሮ ብር ይመዘገባል። ትክክለኛው መፍትሔ 3ን አለመቀበል እና መዝጋቢውን ‹እንደገና ያስገቡ› ማለት ነው።

ጃቫ ጠንከር ይላል፤ ሳይሞላ ሊነበብ የሚችል የፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብል ካለ ኮዱ ጭራሽ ኮምፓይል አይሆንም። ጎ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ሁሉንም ከዜሮ ያስነሳል፤ ስለዚህ የዜሮ ብሩ ጣጣ እዚያም አለ። ሲ ላይ ‹ዌረር› (-Werror) የሚባለው ማዘዣ ማስጠንቀቂያውን ወደ ስህተት ይቀይራል። በፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ በሚይዝ ቫሪያብል) ዞሮ የሚመጣውን፣ ኮምፓይለሩ የማያየውን ደግሞ ቫልግሪንድ የሚባለው የስህተት መፈለጊያ ፕሮግራሙ ራን ሲያደርግ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ ግን በጣም ይቀንሳል።