«ካልነካሁት ምን ያደርገኛል?» ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ ስናስብ ቶሎ የሚታየን ኮረንቲ የያዘው ሰው ነው። ሌላም አደጋ አለ። ምንም ያልነካን፣ ዝም ብሎ ቆሞ የሚያይን ሰው ሳይቀር ያቃጥላል። ብዙዎቹ የተሳሳቱ አመለካከቶች የሚመነጩት ይህን ሁለተኛውን አደጋ ካለማወቅ ነው።

«ካልነካሁት አይጎዳኝም»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሁለት ፌዞች (ኮረንቲ ያለባቸው ሽቦዎች) ወይም ፌዝና ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) በስህተት ሲገናኙ ኮረንቲው አየሩን ሰንጥቆ ማለፍ ይጀምራል። በዚያች ቅጽበት አየሩ ራሱ ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ባለሙያዎች አርክ ፍላሽ ይሉታል። ሙቀቱ እስከ 19,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። የፀሐይ ገጽ እንኳ 5,500 ገደማ ነው።

በዚህ ሙቀት መዳብ ቀልጦ አያበቃም፣ ይተናል። ሲተን ደግሞ መጠኑ 67,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ነው ነገሩ ብልጭታ ብቻ ሳይሆን ፍንዳታም የሚሆነው። የፓናል (ብሬከሮቹ ያሉበት ሳጥን) በር ይገነጥላል፣ የቀለጠ ብረት ይረጫል፣ የጆሮ ታምቡር ይበሳል፣ መሰላል ላይ ያለውን ሰው ያወርደዋል። ሁሉም የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሮጦ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

በ1982 ራልፍ ሊ የተባለ መሐንዲስ የዚህ ቃጠሎ ጉዳት እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ በስሌት አሳየ። ዛሬ ለስሌቱ መነሻ የሚሆነው ቁጥር በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 1.2 ካሎሪ ነው። ባዶ ቆዳ ላይ ይህን ያህል ሙቀት ካረፈ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፤ ማለትም ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ይጀምራል። አንዳንድ ፓናሎች ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ «ከዚህ ርቀት ወዲህ ያለ መከላከያ ልብስ አትቅረብ» የሚለው በዚህ ልክ ተሰልቶ ነው። እባካችሁ አንብቡት።

«380 ቮልት እኮ ነው፣ ሃይቴንሽን አይደለም»

የፍንዳታውን ጉልበት ቮልቴጅ ብቻ አይወስነውም። ዋናው ነገር፣ ሾርት (ሽቦዎች በስህተት መገናኘት) ሲፈጠር ስንት አምፔር ኮረንቲ ሊመጣ እንደሚችልና ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር አጠገብ ያለ የ380 ወይም የ400 ቮልት ፓናል በሾርት ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ሰው የሚደፍረውና በየቀኑ የሚከፍተውም ይህንኑ ፓናል ነው።

«ብሬከሩ አለ፣ ይጥላል»

ብሬከር የተሠራው በዋናነት ሽቦው ግሎ እንዳይቃጠል ነው። ባለ 20 አምፔር ብሬከር በሰው ደረት ውስጥ የሚያልፈውን 0.1 አምፔር ከቁጥር አያስገባውም። ለልብ ግን 0.1 አምፔር በቂዋ ነው፤ ምቷን አዛብቶ ሊያቆማት ይችላል። ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኮረንቲ ሲያገኝ፣ 30 ሚሊአምፔር (0.03 አምፔር) ላይ የሚጥለው መሣሪያ ሌላ ነው። እሱ ሕይወት ያድናል። ግን በአንድ እጁ ፌዝ፣ በሌላው ኒውትራል (የኮረንቲው መመለሻ ሽቦ) የያዘውን ሰው እሱም ላያድነው ይችላል፤ ምክንያቱም ወደ መሬት ያፈተለከ ነገር የለም።

አርክ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በአየር ውስጥ የሚሄድ ኮረንቲ ከሙሉ ሾርት ያነሰ ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ቶሎ ላይጥል ይችላል። ዋና ብሬከሮች ደግሞ ታች ያለው ትንሹ ብሬከር ቀድሞ እንዲጥል ሆን ተብሎ እንዲዘገዩ ይደረጋሉ። የሚዘገየው ግማሽ ሰከንድ እንኳ ቢሆን ብዙ ነው፤ ጊዜው በእጥፍ ሲጨምር ሰው ላይ የሚያርፈው ሙቀትም በእጥፍ ይጨምራል። «እየጣለ አስቸገረን» ብሎ ፊውዙን በትልቅ የሚቀይር ሰው ይህን ሰዓት እያስረዘመ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ስህተት ይሄ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው የቀየረው ሰው ሳይሆን ከሱ በኋላ ፓናሉን የሚከፍተው ነው።

«አጥፍቼዋለሁ፣ በቃ»

አልበቃም። የጠፋው ሌላ ብሬከር ሊሆን ይችላል። ጄኔሬተር፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ) ወይም ሶላር በሌላ በኩል እየመገበው ሊሆን ይችላል። ካፓሲተር (ኮረንቲ የሚያጠራቅም ዕቃ) ከጠፋ በኋላም ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ሠራተኛ «ማነው ያጠፋው?» ብሎ መልሶ ሊያበራው ይችላል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁልፍ ቆልፉበት፣ ስማችሁን አንጠልጥሉበት፣ መክፈቻውን ኪሳችሁ ክተቱ።

ከዚያ መለካት አለ። መጀመሪያ ቴስተሩን ኮረንቲ እንዳለው የምታውቁት ቦታ ላይ ሞክሩት። ቀጥሎ የምትሠሩበትን ለኩ። ከዚያ ተመልሳችሁ የመጀመሪያው ላይ ድገሙት። ቴስተሩ መሀል ላይ ከተበላሸ «ኮረንቲ የለም» ብሎ ይሸውዳችኋል። ይህ ልኬት እስኪያልቅ ድረስ መስመሩ እንዳልጠፋ ይቆጠራል፤ መከላከያችሁን አታውልቁ።

«ጓንት አድርጌያለሁ»

የኤሌክትሪክ ጎማ ጓንት ኮረንቲ እንዳይዝ ነው። ፊትንና ደረትን ከእሳት አያድንም። ጓንቱም ቢሆን በመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለችው ዋጋ የለውም። ሁልጊዜ ከመልበሳችሁ በፊት አየር ሞልታችሁ ጭመቁት። ከውስጥ የሚለበሰውም ልብስ ወሳኝ ነው። ፖሊስተርና ናይለን ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ለአርክ የተሠራው ልብስ ራሱ ቃጠሎውን ይቀንሳል እንጂ የፍንዳታውን ግፊት አያስቀርም።

«ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ»

የወደቀ ካቻቪቴ፣ ፓናል ውስጥ የገባች አይጥ፣ እርጥበት የያዘ አቧራ፣ የላላ ብሎን። እነዚህ አርክ ሲያስነሱ የማንንም ልምድ አይተው አይደለም።

«ሥራው ስለማይቆም ሳላጠፋ ልሥራው»

ማጥፋቱ ራሱ የባሰ አደጋ የሚያመጣበት ቦታ አለ፤ ሕይወት የሚያቆይ መሣሪያ የተያያዘበት መስመር አንዱ ነው። አንዳንድ ልኬትም መስመሩ ሳይጠፋ ነው የሚሠራው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ማጥፋቱ ስለማይመች ብቻ ነው። አርክ ከተነሳ ፓናሉ ለሰዓት ሳይሆን ለሳምንታት ሊቆም ይችላል፤ ሰውዬውም ሆስፒታል ነው።

ሥራው አልቆ መልሳችሁ ስታበሩም በሩን ዝጉ። ፊት ለፊት አትቁሙ። ወደ ጎን ሁኑ፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ አጠገባችሁ ያሉትን አርቁና ያን ጊዜ ብሬከሩን አንሱት።