ሽሪምፕን ከዓሣ ጋር ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ነገራችን በአኳሪየም ስለሚረባው ቅርፊታም ትንሽ የውሃ ፍጥረት፣ ስለ ቼሪ ሽሪምፕ ነው። ጫጩቶቹ ከዓሣ ጋር በአንድ አኳሪየም ሲያድጉ በደብረ ብርሃን ብርድ ምን ማድረግ እንደሚሻል እንይ።

«ትንንሽ ዓሦች ጫጩት አይነኩም»

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጉፒና ኒዮን ቴትራ እንኳ ይለቅሙታል። ኤንጅልፊሽማ እናቲቱንም አይምርም። በልበ ሙሉነት የምንመክረው አልጌ የሚግጠውን ኦቶሲንክለስን ብቻ ነው። ሌላ ዓሣ ካለ የወለሉን ሲሶ ጃቫ ሞስ በተባለ ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ተክል ሸፍኑ። እናቲቱ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 እንቁላል ስለምትይዝ የተወሰኑት ቢበሉም ዘሩ አይቋረጥም።

«ጫጩት ከጠፋ ዓሣ በልቶት ነው»

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ማጣሪያው ነው። ከፍታችሁ ነጭ ሳህን ላይ እጠቡት፤ ብርሃን ሲያርፍበት ክር የመሰለ ነገር ወደ ኋላ ከተፈናጠረ ጫጩት ነው። የሚስበውን አፍ ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ስፖንጅ ሸፍኑት። ስፖንጁን ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

«አገሩ ደጋ ነውና ማሞቂያውን ከፍ ማድረግ ነው»

ይህኛው ብዙ ጉዳት ያደርሳል። ቼሪ ከ18 እስከ 28 ዲግሪ ይኖራል፤ ለመራባት 22 ይበቃዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 70 በመቶ አካባቢ ነው፤ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ22 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ከ6 ሚሊ ግራም ትንሽ አለፍ ያለ ኦክስጅን ይይዛል፤ 28 ሲደርስ ከ6 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ቀንና ሌሊት ይሥራ፤ ለ40 ሊትር 50 ዋት ማሞቂያ 22 ላይ አስተካክሉ። ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በሦስት ጎን በመንዝ ባና ጠቅልሉት፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተዉት፤ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕም ይኑራችሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ማሞቂያ ከነጭራሹ አያስፈልግም።

«ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ይፋፋሉ»

በሳምንት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይበቃል፤ ክሎሪኑ የወጣለት፣ ሙቀቱ የተስተካከለ ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይግባ። ብዙ ውሃ በአንዴ ሲለወጥ ሽሪምፑ ያለጊዜው ቅርፊቱን ሊጥል ይሞክርና መሐል ላይ ተይዞ ይሞታል።

«ነጭ ሆኖ የተኛው ሞቷል»

ባዶና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ የተጣለ ቅርፊት ነው፤ ካልሲየሙን መልሰው ስለሚበሉት አታውጡት። ሥጋ ያለውና ወደ ሮዝ ያደላው ግን ሬሳ ነው፤ ወዲያው ይውጣ።

«የዓሣ መድኃኒት ለሁሉም ይሆናል»

መዳብ ያለበት መድኃኒት ሽሪምፕ ይፈጃል። የዕፅዋት ማዳበሪያም ሲገዛ ማሸጊያው ይነበብ።

«ብዙ ምግብ ቶሎ ያሳድጋል»

የተረፈው ይበሰብስና ውሃውን ይመርዛል። ጫጩት የሚግጠው በቅጠልና በድንጋይ ላይ የሚያድገውን ስስ የሚያዳልጥ ሽፋን ነው፤ አኳሪየሙ ሁለትና ሦስት ወር ሳይቆይ ይህ በበቂ አይገኝም። የደረቀ የዘይቱን ቅጠል ቀቅላችሁ ለ40 ሊትር አንድ ሁለት ብትጨምሩ ሽፋኑ ይበረክታል። ፀረ ተባይ ከተረጨ ዛፍ ግን አትልቀሙ፤ ጥቂቱ እንኳ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።