ዛምሮክ፦ የመዳብ ከተሞች ሮክ

ዛምሮክ በ1970ዎቹ ዛምቢያ ውስጥ የበቀለ የሮክ ሙዚቃ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሻካራው ጋራዥ ሮክ፣ የሚያፈዘው የሳይኬደሊክ ጊታርና የአገሬው ምት የተገናኙበት ነው። ስሙን ያወጣው የሬዲዮ አቅራቢው ማናሴ ፊሪ እንደሆነ ይነገራል። የዛሬ አድማጭ ዛምሮክን የሚያውቀው ከሸክላ ነው። በዘመኑ ግን ከሁሉ በፊት የመድረክ ሙዚቃ ነበር።

ዛምቢያ ነፃ የወጣችው በኦክቶበር 24 ቀን 1964 ነው። ያኔ መዳብ ጥሩ ዋጋ ያወጣ ነበር። እንደ ኪትዌ፣ ንዶላና ቺንጎላ ባሉት የማዕድን ከተሞች ደመወዝ የሚቀበልና መዝናናት የሚፈልግ ወጣት ሞልቶ ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ ሬዲዮው 95 በመቶ የዛምቢያን ሙዚቃ እንዲያሰማ አዘዋል ይባላል። ቁጥሩ በየጽሑፉ ይደጋገማል፤ ትእዛዙ ምን ያህል እንደተከበረ ግን አነጋጋሪ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ የሮሊንግ ስቶንስንና የጂሚ ሄንድሪክስን ዘፈን ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ወደ ራሳቸው ድርሰት ዞሩ። በእንግሊዝኛ ጀምረው በአገሬው ቋንቋዎች በቤምባና በኒያንጃም ዘፈኑ።

የዚህ ሁሉ ቁንጮ ዊች የተባለው የኪትዌ ባንድ ነው። ስሙ «ትርምስ ልንፈጥር አስበናል» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህፃረ ቃል ነው። ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ሲሆን ሁሉም የሚያውቀው ጃጋሪ በሚል ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የመጣው ከሮሊንግ ስቶንስ ድምፃዊ ከሚክ ጃገር ነው፤ አፍሪካዊ ቃና ሰጥተውት ጃጋሪ ሆነ። ሊድ ጊታር ክሪስ ምቤዌ፣ ሪትም ጊታር ጆን ሙማ፣ ቤዝ ጌዲዮን ሙሌንጋ፣ ድራም ቦይዲ ሲንካላ ነበሩ። የመጀመሪያ አልበማቸውን አንዳንዱ የ1972፣ ሌላው የ1973 ነው ይላል። በዛምቢያ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የሮክ አልበም ተደርጎ ይቆጠራል።

የዊች ኮንሰርት ረጅም ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጫወቱ ነበር። ድምፁን በእግር እየተረገጡ በሚያሻክሩትና በሚለዋውጡት መሣሪያዎች፣ በፉዝና በዋዋ ፔዳል፣ የሚጮኸው ጊታር፣ ከስር የማያቋርጠው ቤዝ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ጃጋሪ። ይህ ሰው አንድ ቦታ መቆም አያውቅም። እንዳበደ ይጨፍራል፣ ከሰገነት ላይ ይዘላል፣ ታዳሚውን ያሳብዳል። ሕዝቡን ለማረጋጋት ፖሊስ ያስፈልግ ነበር። ሸክላዎቹን ስሰማ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ያ ሁሉ ላብና ጩኸት ሦስትና አራት ደቂቃ ውስጥ አይገባም።

ዊች ብቻውን አልነበረም። ፖል ንጎዚ ጊታርን በጥርሱ በመጫወት ታወቀ፤ የባንዱ ስም ንጎዚ ፋሚሊ ነበር፤ ንጎዚ በኒያንጃ «አደጋ» ማለት ነው። ሪኪ ኢሊሎንጋ የነበረበት ሙሲ ኦ ቱንያ በቪክቶሪያ ፏፏቴ አገርኛ ስም ተጠራ። አማናዝ በ1975 ያወጣው አልበም ዛሬም ከዘውጉ ምርጦች አንዱ ነው።

ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ። ዛምቢያ የጎረቤቶቿን የነፃነት ታጋዮች በመደገፏ ጦርነቱ ደጇ ደረሰ፤ ሰዓት እላፊና መብራት ማጥፋት መጣ። ሰዓት እላፊ የምሽት ሙዚቃን ምን እንደሚያደርገው በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የነበረ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ ዲስኮ መጣ። ጃጋሪም ባንዱን ትቶ ወደ መምህርነት ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን ኤድስ ነበር፤ የዛምሮክን ትውልድ ብዙ ሙዚቀኞች ጨረሰ።

ድጋሚ የታተሙት ሸክላዎች በ2010ዎቹ ዛምሮክን ለዓለም አደረሱት። በ2024 አሜሪካዊው ራፐር ታይለር ዘ ክሪኤተር የንጎዚ ፋሚሊን ዘፈን ቆርጦ በራሱ ሥራ ውስጥ አስገባ። ዊችም ወጣት አውሮፓውያን ሙዚቀኞችን ይዞ እንደገና ተነሣ፤ በ2023 ሉሳካ ውስጥ የተቀረጸ አዲስ አልበም አወጣ። ከቀደሙት አምስቱ አባላት የቀረው ጃጋሪ ብቻ ነው። 70 ዓመት አልፎትም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ጨፍሯል።